ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና የሰው ቤት

የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ለእኛ ለመሐንዲሶች ዘወትር የሚቀርብልን በቁጥር ነው። ስፋቱ ይለካል፣ ሸክሙ ይሰላል፣ ዋጋው ይተመናል። ቤቱ በውስጡ የሚኖረውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ግን ስሌታችን አይነግረንም። ባለፈው ዓመት በውጭ አገር የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንዳስተምር በጋበዘኝ ጊዜ ይህን ጉድለት በራሴ ላይ አየሁት። የማስተማሩ ነገር በሁለት ደብዳቤ አለቀ፤ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን የማስገባበት የኪራይ ቤት ግን ወራት ፈጀ። አከራዮቹ በዚያው አገር የተከፈለ የደመወዝ ማስረጃና የአገሩን ሰው ዋስ ይጠይቃሉ፤ እኔ ደግሞ ማደሪያ ሳላገኝ ሄጄ ደመወዝ ልቀበል አልችልም። በመጨረሻ ቀጣሪዬ ቤት ልስጥህ አለኝ። የውሉ ቃል ሲነበብ ግን ሥራው በቀረበት ቀን ቤቱም የሚቀር ሆኖ ተገኘ።

ከደምበል አጠገብ ባለው መሥሪያ ቤታችን ተቀምጬ ይህን ውል ሳገላብጥ፣ ከመቶ ሃያ ዓመታት በፊት ባሕር ማዶ አማርኛ ያስተማሩት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ትዝ አሉኝ። አፈወርቅ በትምህርት ቤት የምናውቃቸው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ በመሆናቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ሕይወታቸውን ከሌላ ወገን፣ ማለትም ካደሩባቸው ቤቶች በኩል ለመመልከት ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አፈወርቅ በ1868 በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ የገዳማትና የቡና ደን አገር ናት፤ የአብያተ ክርስቲያናቷ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ስለሆነ፣ ለሥዕል የሚያደላ ልጅ ከዚያ መውጣቱ አያስደንቅም። የእቴጌ ጣይቱ ዘመድ እንደነበሩ ይነገራል። በ1887 ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወደ ጣሊያን ተላኩ፤ በቱሪን ከተማም በአልቤርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። ተመልሰው በቤተ መንግሥቱ ቢያገለግሉም፣ ከእቴጌይቱ ጋር አለመስማማታቸው ኑሯቸውን አወከው። በ1894 ከሌሎች ሁለት ወጣቶች ጋር እንደገና ወደ አውሮፓ፣ በዚህ ጊዜ ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገሩ። ይዟቸው የሄደው በሙያችን ታሪክ ስሙ የታወቀው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ወጣቱ አፈወርቅ የኖሩበት ጣሪያ ሁሉ የሌላ ሰው ነበር። በአገራቸው የቤተ መንግሥት፣ በባሕር ማዶ የትምህርት ቤትና የአሳዳሪ ጣሪያ ነበር። ይህ የዘመኑ ደንብ ስለሆነ በእርሳቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያስነቅፋቸው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በዓድዋ ጦርነት ዘመን ከስዊዘርላንድ ወጥተው ወደ ጣሊያን ወገን ተሻገሩ። አገራቸው ታላቅ ድል ስታገኝ እርሳቸው በተሸነፈው ወገን ቆመው ተገኙ፤ የአገራቸው በርም በላያቸው ተዘጋ።

እንግዲህ በ1902 ወደ ናፖሊ ሲሄዱ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። የሄዱበት ተቋም በ1732 ለቻይናውያን ተማሪዎች የተመሠረተው ኮሌጅ ነው፤ በ1888 የምሥራቅ ቋንቋዎች የመንግሥት ተቋም ሆኗል። በዚያ ፍራንቼስኮ ጋሊና ከሚባለው የአማርኛ መምህር ጋር ሆነው ማስተማር ጀመሩ። ጣሊያናዊት አግብተው ትዳር መሠረቱ።

በዚያ ዘመን ናፖሊ ለቤት ፈላጊ ምን ትመስል እንደነበር ለባለሙያዎቻችን ማስታወስ ይጠቅማል። በ1884 የኮሌራ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎቿን ጨረሰ። መንግሥት በማግሥቱ ዓመት ልዩ ሕግ አውጥቶ፣ ከ1889 ጀምሮ የተጨናነቁትን የወደብ ሰፈሮች አፍርሶ ሰፋፊ ጎዳናዎች አስቀደደ። ከእነዚህ ዋነኛው በንጉሥ ኡምቤርቶ ስም የተሰየመው ቀጥተኛ ጎዳና ነው። የጎዳናው ግራና ቀኝ በአዳዲስ ባለፎቅ ቤቶች ተዋበ፤ ከእነዚያ ቤቶች ጀርባ ግን ጠባቦቹ መተላለፊያዎች እንደነበሩ ቀሩ። የአዲሱ ቤት ኪራይ ቤቱ ከፈረሰበት ሰው አቅም በላይ ስለነበረ፣ ተፈናቃዩ በቀሩት አሮጌ ሰፈሮች ላይ ተጨማሪ ጭንቅንቅ ሆነ። በ2024 ብዙዎቹ የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወሩ ለተመለከትን፣ የናፖሊው ነገር የሩቅ ታሪክ አይደለም።

በናፖሊ የአንድ ሰው ማዕረግ በሚኖርበት ፎቅ ይታወቅ ነበር። ባለጸጋው በዋናው ፎቅ ይኖራል፤ ሹመኛውና መምህሩ ከዚያ በላይ ደረጃ ይወጣሉ፤ ድኻው በምድር ቤት፣ ብርሃንም አየርም በመንገዱ በር ብቻ በሚገባበት አንድ ክፍል ውስጥ ከነልጆቹ ያድራል። የኪራይ ውል በልማድ የሚታደሰው ወይም የሚፈርሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሜይ 4 ቀን ነበር። በዚያ ቀን የከተማዋ ጎዳናዎች አልጋና ቁም ሣጥን በጫኑ ጋሪዎች ይሞላሉ። ስለዚህ በናፖሊ የሚኖር መምህር፣ ባለአገርም ይሁን እንግዳ፣ በዓመት አንድ ቀን የኑሮው መሠረት እንደሚናወጥበት ያውቃል። እንግዳው ደግሞ ከዚህ በላይ ዋስ የሚሆነው ወገን በአጠገቡ የለም።

አፈወርቅ የጻፏቸው ዋና ዋና መጻሕፍት ሁሉ የተወለዱት በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። ለማስተማር የሚመች መጽሐፍ ስላልነበረ በ1905 የአማርኛ ሰዋስውና የንግግር መምሪያ በጣሊያንኛ አሳተሙ፤ በ1911 ስለ አማርኛ ግሥ የሚያስረዳውን አከሉ። በ1908 በሮም ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ በጦርነት ምክንያት ቤቱ ስለፈረሰ፣ አባትና መንታ ልጆች ተበትነው እርስ በርስ ስለሚፈላለጉ ቤተሰብ ይተርካል። ቤቱን ጥሎ የሄደ ሰው ይህን ታሪክ ለመጻፍ መነሻ አላጣም ብዬ እገምታለሁ። በዚያው ዓመት የወጣው የመንገደኞች መምሪያ የአገራችንን ገበሬ ችግርና የአስተዳደሩን ጉድለት በድፍረት ይነቅፋል። ከአንድ ዓመት በኋላ የጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ግን በምስጋና የተሞላ በመሆኑ፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 ባወጡት ጽሑፍ ተችተውታል። በእኔ አስተያየት እነዚህ ሁለት መጻሕፍት የአንድ ሰው ሁለት ሐሳቦች ናቸው። በአንደኛው ከሩቅ ሆኖ የተሰማውን ይናገራል፤ በሁለተኛው የተዘጋበትን በር ያንኳኳል።

በሩ ውሎ አድሮ ተከፈተ። አፈወርቅ ናፖሊን ለቀው ወደ ኤርትራ ተሻገሩ፤ በንግድም ሠሩ። በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በ1922 የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ፤ የነጋድራስነት ማዕረጋቸውም በዚህ የታወቀ ነው። የባቡር ሐዲዱ የወለዳት ድሬዳዋ ቋንቋ ለሚያውቅና አውሮፓን ላየ ሹም የምትስማማ ከተማ ነበረች። በ1931 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ወደ ሮም ተላኩ። በዚህ ጊዜ በጣሊያን ምድር የገቡበት ቤት የአገራቸው ሰንደቅ ዓላማ የሚውለበለብበት ነበር። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፎ፣ ለባሕር ማዶ ኑሯቸው ያገኙት ከሁሉ የከበረ ጣሪያ ይህ ይመስለኛል።

ነገር ግን በ1936 ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ፣ አፈወርቅ ለሁለተኛ ጊዜ ከወራሪው ጎን ቆሙ። አፈ ቄሣር ተባሉ፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ከወርቅ ወደ ቄሣር ተለወጠ። ወራሪው መንግሥት በበኩሉ ከተማዋን ለጣሊያናዊና ለኢትዮጵያዊ ለይቶ ለመከፋፈል አቅዶ ነበር። ከአገሩ ላመጣቸው ሠራተኞቹም ቤት ሠራ። በጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራው ተቋም በ1924 የተቋቋመ ሲሆን በምሕጻር ኢንቺስ ይባላል። ዛሬ ከደምበል ተነሥተን በመስቀል አደባባይና በእስጢፋኖስ በኩል የምንዘልቅበት ሰፈር ካዛንቺስ የተባለው የኢንቺስ ቤቶች ለማለት ነው። ከሥራ ጋር የሚሰጥ ቤት ምን እንደሆነ በከተማችን ከዚህ ስም የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ቤቱ ለአገልግሎት ተሰጠ፤ አገልግሎቱ በ1941 ሲፈርስ ነዋሪው ዕቃውን እንኳ ሳይሰበስብ ወጣ።

የአፈወርቅም ዕጣ ከዚህ አልራቀም። ከነጻነት በኋላ ተይዘው ወደ ጂማ በግዞት ተላኩ። የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ፣ ሠዓሊው ቀለም መለየት ተስኗቸው፣ በ1947 በዚያው ሞቱ። የመጨረሻው ቤታቸውም በሌላ ሰው ፈቃድ የገቡበት ነበር።

በዚህ ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ አገሩን ለጠላት ያገለገለ ሰው ከፍርድ ሊያመልጥም አይገባውም። ቤት ማጣት ለክህደት ምክንያት ነው ማለቴም አይደለም። በዚያው ዘመን በስደት ኪራይ እየከፈሉ፣ አንዳንዴም መክፈል እያቃታቸው፣ ለአገራቸው የታመኑ ብዙዎች ነበሩ። ከአፈወርቅ ሕይወት የምማረው ሌላ ነገር ነው። ለቤቱ የሚገባው ውለታ ወይስ ዋጋ መሆኑ አስቀድሞ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ዋጋ በየወሩ ተከፍሎ ያልቃል፤ ውለታ ግን ማብቂያው የሚወሰነው በሰጪው ነው። በአገራችን በ2024 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ የደነገገው፣ ተከራይ በአከራይ ፈቃድ ብቻ እንዳይኖር ለማድረግ ነው።

እኔም ለቀጣሪዬ የጻፍኩት መልስ አጭር ነበር። የሚሰጠኝን ቤት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ፣ ያውም በኪራይ እንደምቀበል፣ ከዚያ በኋላ በራሴ ስም ለምዋዋለው ቤት የደመወዝ ማስረጃ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁ፤ ተስማማ። የተገኘው ቤት ጠባብ ነው፤ ከትምህርት ቤቱም ይርቃል፤ ሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ሊፍት የለውም። ባለቤቴ የወለሉን ንድፍ አይታ ልጆቹ በአንድ ክፍል መተኛታቸውን አልወደደችውም፤ ውሉን ካነበበች በኋላ ግን እንድፈርም ነገረችኝ። ወደዚያ ለሚሄዱ የማኅበራችን አባሎች የምመክረውም ይኸው ነው። የደመወዙን ልክ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ሥራው ቢቀር ልጆቻችሁ የት እንደሚያድሩ ጠይቁ።