ተማሪዎች የዘረፉት ሐኪም ቤት
የዶክተር ማግኑስ ሂርሽፌልድ አጭር የሕይወት ታሪክ



በዚህ እትም የአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ታሪክ ይዘን ቀርበናል። የመረጥነው የደከሙበትን ሥራ ያወደሙት እንደ እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ነበሩ ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዶክተር ሂርሽፌልድ ሜይ 14 ቀን 1868 ዛሬ በፖላንድ ግዛት በምትገኘው በኮልበርግ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸውም ሐኪም ነበሩ። በ1892 የሕክምና ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ። በ1897 ደግሞ በወንዶች መካከል የሚፈጸምን የጾታ ግንኙነት በወንጀል የሚቀጣውን ሕግ የሚቃወም ኮሚቴ ከጓደኞቻቸው ጋር በበርሊን አቋቋሙ።

በዚያን ጊዜ፣ ዛሬ ትራንስጀንደር የምንላቸው ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ የተሰጣቸው ጾታ ከማንነታቸው ጋር የማይስማማላቸው፣ በልብሳቸው ምክንያት ብቻ በፖሊስ ይያዙ ነበር። ዶክተሩ እነዚህን ሰዎች ተቀብለው አዳመጡ፤ በ1910 ስለ እነርሱ ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ለፖሊስም የሐኪም ምስክርነት እየጻፉ የፈቃድ ወረቀት እንዲያገኙ ረዱ።

በ1919 በበርሊን የጾታ ሳይንስ ተቋም ከፈቱ። ተቋሙ ክሊኒክ፣ ቤተ መጻሕፍትና የንግግር አዳራሽ ነበረው። ሌላ ቦታ ሥራ የተነፈጋቸው ታካሚዎች እዚያው ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ከእነርሱ አንዷ ዶራ ሪክተር በ1931 ጾታን የማስተካከል ቀዶ ሕክምናዋን አጠናቀቀች።

ዶክተሩ እውቀትን በክሊኒክ አላጠሩትም። ሰው በአፉ ለመጠየቅ የሚያፍረውን ሳይፈርም ጽፎ የሚከትበት የጥያቄ ሣጥን አስቀመጡ፤ መልሱም በአዳራሹ ለሁሉም ይሰጥ ነበር። በ1919 በፊልም ሳይቀር አስተማሩ፤ ፊልሙ ግን በዓመቱ ታገደ። በ1920 በሙኒክ ክፉኛ ተደብድበው ሞተዋል ተብሎ በጋዜጣ ወጣ፤ የራሳቸውን መርዶም አነበቡ።

ነቀፌታ የለባቸውም አንልም፤ በዘመኑ የተስፋፋውን፣ የሰውን ዘር በምርጫ ማሻሻል ይቻላል የሚለውን አስተሳሰብ ደግፈዋል፤ ይህ ስሕተት ነበር።

በ1930 ለንግግር ወደ አሜሪካ ተጓዙ፤ ከዚያም በጃፓን፣ በቻይና፣ በሕንድና በግብፅ አልፈው በ1932 ፍልስጤም ደረሱ። ወደ ጀርመን ግን አልተመለሱም። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሜይ 6 ቀን 1933፣ ተማሪዎች በሙዚቃ ባንድ ታጅበው ተቋሙን ወረሩ። ከአራት ቀን በኋላ መጻሕፍቱ በአደባባይ ተቃጠሉ። ዶክተሩ ቃጠሎውን ያዩት በፓሪስ ሲኒማ ቤት በዜና ፊልም ነበር። ሜይ 14 ቀን 1935፣ በ67ኛ ልደታቸው ዕለት፣ በስደት ኒስ ከተማ ላይ ዐረፉ።

ዛሬ የጥያቄው ሣጥን በየኪሳችን ባለው ስልክ ገብቷል። ሐኪም ፊት መናገር የፈራ ታካሚ በማኅበራዊ ሚዲያ ይጠይቃል፤ እውነቱም ውሸቱም ስድቡም አብሮ ይደርሰዋል። የበርሊኑን ሣጥን ጠቃሚ ያደረገው ታካሚውን የማያዋርድና እውቀት ያለው መልስ ሰጪ መኖሩ ነው። እንግዲህ በመካከላችን የሕክምና ተማሪዎች የሆናችሁ ጓዶች፣ ይህ ቦታ የእናንተ ነው። ሌሎቻችንም ብንሆን የማናውቀውን ከማቃጠላችን በፊት እናንብበው!