አራሚውን ማን ያርመዋል? የአለን ቱሪንግ ታሪክ ባጭሩ

ይህን መጽሔት የምናዘጋጅ ተማሪዎች አንድ የማንክደው ልምድ አለን። ሰው የጻፈውን ራሱ ደጋግሞ ቢያነበውም ግድፈቱን ዘሎት ያልፋል፤ ዐይኑ የሚያነበው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን በልቡ ያሰበውን ነውና። ስለዚህ ጽሑፉ ወደ ማባዣው ከመሄዱ በፊት ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን። ያም አራሚ በተራው ይሳሳታል። ነገሩ ተራ የጽሕፈት ጣጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተር ለሚባለው መኪና መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱን፥ እንግሊዛዊውን የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግን፥ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የተከተለው ይኸው ጥያቄ ነው። ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደናል። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቱሪንግ ጁን 23 ቀን 1912 በለንደን ተወለደ። አባቱ እንግሊዝ በሕንድ ላይ ባቆመችው አስተዳደር ሠራተኛ ስለ ነበሩ፥ እሱና ወንድሙ የልጅነት ጊዜያቸውን አብዛኛውን በእንግሊዝ አገር በሰው ቤት አሳለፉ። በ1926 ሸርቦርን ወደሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል በመላ አገሩ የሥራ ማቆም አድማ ተነሥቶ ባቡር ቆመ። የ13 ዓመቱ ልጅ ግን ባቡሩ እስኪነሣ አልጠበቀም፤ ከሳውዝሃምፕተን ወደብ በቢስክሌት ተነሥቶ፥ በመንገድ አንድ ሌሊት አድሮ፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደረሰ። በ1931 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ22 ዓመቱም የኪንግስ ኮሌጅ ባልደረባ ሆኖ ተመረጠ።

ስሙን ያስጠራው ሐተታ በ1936 የተጻፈ ነው። በዚያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ኮምፒዩተር በዓለም ላይ አልነበረም። ቱሪንግ በሐሳቡ አንድ ቀላል መኪና አቆመ፤ መኪናው በረዥም ጥብጣብ ላይ ምልክት ያነባል፥ ይጽፋል፥ ይፋቃል፥ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይሄዳል፥ ሌላ ሥራ የለውም። ቀጥሎም የማንኛውንም ሌላ መኪና የትእዛዝ ዝርዝር ተቀብሎ፥ ያ መኪና የሚሠራውን ሁሉ እርምጃ በእርምጃ ተከትሎ የሚሠራ አንድ ጠቅላይ መኪና ሊኖር እንደሚችል አሳየ። ዛሬ የኮምፒዩተር ሠራተኞች በፕሮግራም ውስጥ ያለውን ስሕተት የሚያድኑበት፥ ዲበገር የሚባለው መሣሪያ ከዚህ ሐሳብ ጋር ዝምድና አለው። እሱም ራሱ ፕሮግራም ሆኖ ሳለ ሌላውን ፕሮግራም ትእዛዝ በትእዛዝ እያስኬደ፥ በየደረጃው እያስቆመ፥ ውስጡን ገልጦ ያሳያል።

ይኸው ሐተታ ግን አንድ ከባድ ወሰን አብሮ አመጣ። ማንኛውንም የትእዛዝ ዝርዝር ተቀብሎ፥ ይህ ሥራውን በደኅና ይቀጥላል ወይስ ተጠምዶ ይቀራል ብሎ፥ ሳይሳሳት ሁልጊዜ የሚፈርድ መኪና ሊኖር እንደማይችል ቱሪንግ አረጋገጠ። ወሰኑ ከዕውቀት ወይም ከገንዘብ ማነስ የመጣ ስላይደለ፥ መኪናው ምንም ያህል ቢፈጥን አይሻርም። እንግዲህ ስሕተትን ሁሉ የሚያገኝ መሣሪያ ተሠርቶ ሰው ከድካሙ ያርፋል ብሎ ተስፋ ማድረግ፥ ኮምፒዩተር ከመሠራቱ በፊት የተዘጋ በር ነው።

በ1939 ጦርነት ሲነሣ ቱሪንግ ብሌችሊ ፓርክ በሚባለው ስፍራ የጀርመኖችን የኢኒግማ ምስጢር ጽሕፈት ከሚፈቱት ሰዎች ጋር ተሰለፈ። የፖላንድ የሒሳብ ሊቃውንት አስቀድመው መንገዱን ከፍተው ነበር። ቱሪንግ የነደፈውና ጎርደን ዌልችማን ያሻሻለው፥ ቦምብ ይባል የነበረው መኪና፥ የተሠራበት ዘዴ ከነገራችን ጋር ይገጥማል። መኪናው ትክክለኛውን ቁልፍ በቀጥታ አይፈልግም ነበር፤ አንድ ግምት ይዞ እስከ ፍጻሜው ይከተለዋል፥ ግምቱ ከራሱ ጋር ሲጣላም ይጥለዋል። ስሕተቱ እየተጣለ ሲሄድ የቀሩት ጥቂቶቹ በሰው እጅ ይመረመሩ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ፥ በ1945፥ ወደ ብሔራዊው የፊዚክስ ላቦራቶሪ ገብቶ ኤሲኢ የተባለ ኮምፒዩተር ነደፈ። በ1947 ወደዚሁ መሥሪያ ቤት ዶናልድ ዴቪስ የሚባል ወጣት ገባ። ዴቪስ ያንን የ1936 ሐተታ መስመር በመስመር ሲመረምረው፥ የጠቅላዩ መኪና የትእዛዝ ሰንጠረዥ እንደ ተጻፈ ቢሠራ ኖሮ እንደማይሄድ አገኘ፤ ግድፈት ነበረበት። የማንኛውንም መኪና ሥራ ሊከተል የታሰበው መኪና ራሱ ተሰናክሎ ይቆም ነበር ማለት ነው። ዴቪስ ይህን ሲነግረው ቱሪንግ ደስ አለመሰኘቱን በኋላ ዘመን ተናግሯል። አስቡት፤ ሐተታው ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፥ ደራሲው በሊቅነቱ ታውቋል፥ ግድፈቱን ያወጣው ግን ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ነው። ዋናው ማስረጃ በዚህ አልፈረሰም፤ ግድፈቶቹ የሚታረሙ ነበሩና ታረሙ። ዴቪስም በኋላ ኮምፒዩተሮች መልእክታቸውን በጥቃቅን ክፍል ቆራርጠው የሚላላኩበትን ዘዴ ካፈለቁት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ቱሪንግ በ1948 ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ጁን 24 ቀን 1949 በካምብሪጅ በተደረገ ጉባኤ ላይ፥ አንድ ረዥም ፕሮግራም ትክክል መሆኑን እንዴት ማረጋገጥ እንደሚቻል ሦስት ገጽ ያህል ሐተታ አቀረበ። ምሳሌው የመደመር ሒሳብ ነው። የብዙ ቁጥሮች ድምር ብቻ ከተሰጠን አራሚው ሁሉን ከመጀመሪያው መደመር አለበት፤ የየዓምዱ ድምር ለብቻ ከተጻፈለት ግን ሥራው ተከፋፍሎ በቀላሉ ይታረማል። እንደዚሁም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው በየደረጃው፥ እዚህ ቦታ ሲደረስ ይህና ይህ እውነት መሆን አለበት ብሎ ቃሉን ይስጥ፤ አራሚው እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ይመርምር፤ ፕሮግራሙ ተጠምዶ እንዳይቀርም በየዙሩ እየቀነሰ የሚሄድ አንድ መጠን ይታይ። ጠቅላላ ፈራጅ እንደማይኖር ያረጋገጠው ሰው፥ ለእያንዳንዱ ሥራ ግን ጸሐፊና አራሚ የሚተጋገዙበትን መንገድ አመለከተ። የሚያስገርመው፥ ያ ስለ እርማት የተጻፈው ሐተታ ሲገለበጥ ግድፈት በዝቶበት ታተመ። ሞሪስና ጆንስ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት አርመው ያወጡት በ1984 ነው፤ ደራሲው ከሞተ 30 ዓመት ሆኖታል።

አሁን ወደ ፍጻሜው ደረስን። በ1952 ቱሪንግ ከወንድ ጋር ግንኙነት ፈጽሟል ተብሎ ተከሰሰ፤ ይህ በዘመኑ የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነበር። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ከእስራት ይልቅ ለአንድ ዓመት የሆርሞን መድኃኒት መውሰድን መረጠ። የመንግሥት ምስጢር የመያዝ ፈቃዱም ተነጠቀ። በጦርነት ጊዜ የሠራው ምስጢር ስለ ነበረ፥ የፈረዱበት ሰዎች ምን ያደረገላቸውን ሰው እንደሚቀጡ አላወቁም። ጁን 7 ቀን 1954 በ41 ዓመቱ በቤቱ ሞተ፤ የሞቱ ምክንያት ሲያናይድ የተባለው መርዝ ሲሆን፥ መርማሪው ዳኛ ራሱን ገደለ ብሎ ወሰነ፤ በዚህ ውሳኔ የማይስማሙ ግን አሉ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን በ2009 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2013 ከንግሥቲቱ ምሕረት ተሰጠው፤ በ2021 ምስሉ በ50 ፓውንድ የገንዘብ ኖት ላይ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

እኛ ይህን ታሪክ የምንጽፈው የሒሳብ ተማሪዎች ሆነን አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ሰው ሕይወት ለማንኛውም ተማሪ የሚበቃ ትምህርት አግኝተናል። የሊቅ ሥራ ግድፈት ቢገኝበት ሊቅነቱ አይጠፋም፤ የሚያጠፋው ግድፈቱን የሚያይ ዐይን መከልከል ነው። በሰንጠረዡ ላይ የነበረውን ስሕተት አንድ ወጣት ደፍሮ ስለ ተናገረ ታረመ። በሕጉ ላይ ይቅርታ የተጠየቀው ግን ሰውየው ከሞተ ከ55 ዓመት በኋላ ነው። የተጻፈ ትእዛዝ ሁሉ፥ ለመኪናም ይሁን ለሰው፥ ሌላ ሰው አንብቦ ይህ አይሄድም ሊል ይገባዋል፤ ያም የሚባለው ትእዛዙ የሚነካው ሰው በሕይወት ሳለ ሊሆን ይገባል። እኛም ይህን ጽሑፍ እንደ ልማዳችን ለሌላ ሰው አሳርመናል፤ ግድፈት ያገኘ አንባቢ ቢጠቁመን ደስ ይለናል።