የአልጀብራ አባት አል ኽዋሪዝሚና የሥር ነገር

የታላላቅ ሊቃውንትን ታሪክ ማወቅ ለተማሪ ብዙ ጥቅም አለው። እኛ የቦምቤ ተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምናየው የሥር ምልክት ለብዙዎቻችን የሚያስፈራ ነገር ነው። በእኩልዮሽ ውስጥ ስኩዌር ሩት በገባ ጊዜ ደኅና ይሠራ የነበረው ተማሪ እንኳ እርሳሱን ያስቀምጣል፤ አንዳንዱም ሒሳብ ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ቈጥሮ ጨርሶ ይተወዋል። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት፥ ይህን ትምህርት በሥርዐት አዘጋጅቶ ለዓለም ያስተላለፈውን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ይህ ሰው መሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኽዋሪዝሚ ይባላል። የተወለደው በ780 ገደማ ነው። አል ኽዋሪዝሚ ማለት የኽዋሪዝም ሰው ማለት ሲሆን፥ ኽዋሪዝም ከአራል ባሕር በስተ ደቡብ ያለ አገር ነው፤ ምድሩም ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን ውስጥ ይገኛል። ሊቁ የሠራው ግን በባግዳድ ከተማ ነው። ከ813 እስከ 833 የነገሠው ኸሊፋ አል ማእሙን ለዕውቀት ብርቱ ፍቅር ስለ ነበረው፥ የግሪክና የሕንድ መጻሕፍት ወደ ዓረብኛ ይተረጐሙ ዘንድ ሊቃውንትን ይረዳ ነበር። አል ኽዋሪዝሚም ቤተ ጥበብ በሚባለው ቦታ ከሠሩት ሊቃውንት አንዱ ሆነ።

በ820 ገደማ፥ በኸሊፋው አበረታችነት፥ ስሙን ለዘለዓለም ያስጠራለትን መጽሐፍ ጻፈ። አልጀብራ የሚለው ቃል የመጣው በዚህ መጽሐፍ ርእስ ላይ ካለው አል ጀብር ከሚለው ቃል ነው። ጀብር ማለት የጐደለውን መሙላት፥ የተሰበረውንም ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን የሚያደርገውም በዓረብኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። ለምሳሌ ከ10 ላይ ኤክስ ተቀንሶ 6 ቢቀር፥ የተቀነሰውን ኤክስ መልሰን 10 ከ6 እና ከኤክስ ድምር ጋር እኩል ነው እንላለን። የጐደለው ተጠገነ፤ ኤክስም 4 መሆኑ ታወቀ።

መጽሐፉ የተጻፈው ለሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። ለንግድ፥ ለመሬት ልክ፥ ለቦይ ቁፋሮና ለውርስ ክፍያ እንዲጠቅም ነበር፤ ሰፊው ክፍሉም ስለ ውርስ ነው። መሬት በጠበበበትና ቤተ ሰብ በበዛበት በወላይታ፥ የአባትን ርስት ያለ ጠብ መካፈል ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደ ሆነ ወላጆቻችን ያውቁታል።

አል ኽዋሪዝሚ የሚፈለገውን ያልታወቀ ቁጥር ጂዝር ብሎ ጠራው፤ ይኸውም ሥር ማለት ነው። ሥሩ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘውን ስኩዌር ደግሞ ማል፥ ማለትም ሀብት አለው። የወላይታ ገበሬ ይህን አሰያየም ለመረዳት አይቸገርም። የጎደሬና የስኳር ድንች ቅጠል ከላይ ቢታይም፥ ቤተ ሰቡን የሚመግበው ከአፈር በታች ያለው ነው። በሒሳብም እንዲሁ 9 ከላይ ይታያል፤ 3 ግን ከሥሩ ሆኖ ያበቅለዋል።

ከሠራቸው ምሳሌዎች አንዱ፥ ሦስት ሥሮችና አራት ተደምረው ከአንድ ስኩዌር ጋር እኩል ሲሆኑ ሥሩ ስንት እንደ ሆነ መፈለግ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የሥሮቹን ቁጥር 3ን ለሁለት ስንከፍል 1 ተኩል ይሆናል፤ ይህ በራሱ ሲባዛ 2 ከሩብ፥ 4 ሲጨመርበት 6 ከሩብ ይሆናል። የዚህ ስኩዌር ሩት 2 ተኩል ነው፤ በዚህም ላይ 1 ተኩል ስንጨምር መልሱ 4 ይሆናል።

በእኛ ክፍል ይኸው ጥያቄ ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል። የሦስት ኤክስና የ4 ድምር ስኩዌር ሩት ከኤክስ ጋር እኩል ነው ይባላል። ሥሩ በአንድ ወገን ለብቻው ስለ ቆመ፥ ሁለቱንም ወገን በራሱ እናባዛለን፤ ያን ጊዜ የሥር ምልክቱ ይጠፋና የአል ኽዋሪዝሚ እኩልዮሽ ይወጣል። ዛሬ በምንማረው መንገድ ግን ሁለት መልስ እናገኛለን፤ እነርሱም 4 እና ኔጌቲቭ 1 ናቸው። 4ን በመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ ብናስገባ የ16 ስኩዌር ሩት 4 ስለ ሆነ ልክ ነው። ኔጌቲቭ 1ን ብናስገባ ግን በአንድ ወገን 1፥ በሌላው ወገን ኔጌቲቭ 1 ይሆናል፤ አይስማማም። 1 እና ኔጌቲቭ 1 እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሲባዙ ያው 1 ስለሚሆኑ፥ ማባዛቱ ልዩነታቸውን ሰወረው። በዚህም ምክንያት ሐሰተኛው መልስ ባልተጠራበት ድግስ እንደ ገባ ሰው ከእውነተኛው ጋር ተቀመጠ። የሚያስወጣው መልሶ መፈተን ብቻ ነው።

አል ኽዋሪዝሚ ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች እንደ መልስ ስለማይቀበል ይህ እንግዳ አላጋጠመውም። ነገር ግን እንዲሁ አምናችሁ ተቀበሉ ብሎ ደንብ አልሰጠም፤ አራት ማዕዘን እየሣለ ደንቡ ለምን እውነት እንደ ሆነ ያስረዳ ነበር። የሥር ምልክትም የእኩል ምልክትም በዘመኑ አልነበሩም። የሥር ምልክት በመጽሐፍ የታተመው በ1525፥ የእኩል ምልክት በ1557 ነው። እርሱ ሁሉን በቃላት ጽፎ አስረዳ።

ሌላም ብዙ ሥራ አለው። የሕንድን ቁጥር ከዜሮው ጋር የሚያስተምር መጽሐፍ ጻፈ። የእኛ የግእዝ ቁጥር ለ፲ና ለ፻ ልዩ ምልክት ሲኖረው ዜሮ ግን የለውም፤ ከዚህ የአዲሱ አጻጻፍ ጥቅም ይታወቃል። የእርሱ ስም በላቲን ሲጻፍ አልጎሪትም የሚለው ቃል ተገኘ፤ ዛሬ ኮምፒዩተር የሚሠራበት ሥርዐት በዚህ ስም ይጠራል። የ2400 ያህል ቦታዎችን አቀማመጥ የያዘ የምድር መጽሐፍና የከዋክብት ሰንጠረዥም አዘጋጀ። ስለ አይሁድ ዘመን አቈጣጠርም ጽፏል፤ ይህ አቈጣጠር እንደ እኛ ባሕረ ሐሳብ በ19 ዓመት ዙር የሚሄድ ነው።

አል ኽዋሪዝሚ በ850 ገደማ ሞተ። ትምህርቱ ግን አልሞተም። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ግብጻዊው አቡ ካሚል፥ በሙሉ ቁጥርም በክፍልፋይም የማይወጡ ሥሮችን በእኩልዮሽ ውስጥ በድፍረት ሠራባቸው። በ1145 ደግሞ የአልጀብራው መጽሐፍ በስፔን አገር ወደ ላቲን ተተርጕሞ ለአውሮጳ ትምህርት ቤቶች ደረሰ።

የተወደዳችሁ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከዚህ ሊቅ ሕይወት ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፥ ከባድ የሚመስለው ጥያቄ በየተራ ሲፈታ ቀላል ይሆናል። ሁለተኛ፥ መልስ ማግኘት የሥራው እኩሌታ ነው፤ መልሱን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሶ መመርመር ሌላው እኩሌታ ነው። መርምሮ የሚቀበል ተማሪ በፈተና ብቻ ሳይሆን፥ ነገ በገበያ ሚዛንና በርስት ክፍያም ዘንድ እውነትን ከሐሰት ይለያል።