አክሊሉ ለማ፦ የእንዶድ ምርምርና የማስረጃ ባለቤትነት ጥያቄ

በኢትዮጵያ የባዮሜዲካል ምርምር ታሪክ የዶክተር አክሊሉ ለማ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከእንዶድ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የሕይወታቸውን ጉዞ በጥሞና ለሚመረምር ግን ከተክሉ ባሻገር ሌላ ጥያቄ ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም የአንድ ግኝት እውነትነት የትና በማን ይረጋገጣል የሚለው ነው።

አክሊሉ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1964 በዓድዋ የቢልሃርዝያን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተውሳክ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚራባበት አስተላላፊ በመሆኑ ትዝብቱ ወደ ምርምር ተለወጠ። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ የበሽታው ሥርጭት ከ63 ወደ 33 በመቶ፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ።

የጥናቱ ፋይዳ ከቀንድ አውጣ መግደል ያለፈ ነበር። በቢልሃርዝያ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው በጉበትና በሌሎች አካላት ለተቀረቀረው የተውሳኩ እንቁላል ሰውነት የሚሰጠው የመከላከል ምላሽ ነው፤ የመከላከያ ሕዋሳት እንቁላሉን ከብበው ግራኑሎማ ይሠራሉ፣ ውሎ አድሮም ጠባሳ ይተዋሉ። የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው የቢልሃርዝያ ዓይነት ደግሞ በረጅም ጊዜ ቁጣ ምክንያት የፊኛ ካንሰር ያስከትላል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በሰው ላይ ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጡት መድቦታል። ስለሆነም የመተላለፊያ ሰንሰለቱን መበጠስ ከዓመታት በኋላ የሚመጣን ጉዳት አስቀድሞ መከላከል ነው።

ሆኖም ግኝቱ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። በኢትዮጵያ የተሠሩት የመርዛማነት ጥናቶች በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቁ ላቦራቶሪዎች እንዲደገሙ ተጠየቀ፤ የዘር ቅንጣትን ይለውጥ እንደሆነም ተመረመረ። ምርመራው ይህን አደጋ አላሳየም። ዋናዎቹ የመርዛማነት ፍተሻዎች በካናዳ ድጋፍ እስኪጠናቀቁ ግን ዓመታት አለፉ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት የመቆጣጠሪያ ስልቱን ወደ ሕክምና አዘነበለው። በሌላ በኩል እንዶድ ዓሣንም የሚገድል በመሆኑ ጥንቃቄ የሚሻ እንደ ነበር መካድ አይቻልም። በ1989 አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

አክሊሉ ካላዛርንም አጥንተዋል፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1969 ያሳተሙት ሥራ በኢትዮጵያ የቆዳ ሊሽማንያሲስን ሥርጭት ከመረመሩት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ነው። ይህ ዘርፍ ለደብረ ታቦርና ለገሳይ አካባቢ ሩቅ አይደለም። በ2005 ገደማ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከምና በፎገራ የካላዛር ወረርሽኝ ተከሥቷል። ተውሳኩ ሊያጠፉት በሚገባቸው በማክሮፌጅ ሕዋሳት ውስጥ ስለሚኖር የመከላከል አቅምን ያዳክማል፤ ከኤች አይ ቪ ጋር ሲጣመርም ሕክምናውን እጅግ ያከብደዋል።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። የሕይወታቸው ዋና ትምህርት የባሕል ዕውቀትን ማወደስ ብቻ አይደለም። በወንዝ ዳር የታየን ነገር በሀገር ውስጥ እስከ መጨረሻው የሚፈትሽ፣ ውጤቱም በሌሎች ዘንድ ያለ ጥርጥር የሚታመን ላቦራቶሪ ካልተገነባ፣ ትክክለኛ ግኝት እንኳ ጊዜው ሊያልፍበት እንደሚችል ያስረዳል።