የጃኔት ራንኪን ታሪክ

ጃኔት ራንኪን በሰሜን አሜሪካ፥ ሞንታና በሚባለው አገር፥ ሚዙላ በምትባል ከተማ አጠገብ በ1880 ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተወለደች። አባቷ ከብት አርቢና ቤት ሠሪ ነበረ፤ እናቷም አስቀድማ መምህርት ነበረች። ጃኔት የበኵር ልጅ ስለ ነበረች ታናናሾቿን በማሳደግ እናቷን ትረዳ ነበር።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ የሚበዙት ሴቶች እንደራሴ ለመምረጥ መብት አልነበራቸውም። ሴት ግብር ትከፍላለች፤ ሕጉም ይፈርድባታል፤ ሕጉን የሚያወጣውን ሰው ግን አትመርጥም ነበር። ጃኔትም ይህ እንዲለወጥ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረች ሕዝቡን ታስረዳ ጀመር። በ1914 የሞንታና ሴቶች መብቱን አገኙ። በ1916ም ሕዝቡ እርሷን ራሷን መርጦ በዋሺንግተን ወዳለው ምክር ቤት ላካት። ከእርሷ በፊት በዚያ ምክር ቤት የተቀመጠች ሴት አልነበረችም።

ሥራዋን በጀመረች በጥቂት ቀን ውስጥ፥ በአፕሪል 1917፥ ከጀርመን ጋራ ስለ መዋጋት ድምፅ እንድትሰጥ ተጠየቀች። ወንድሟ በጦርነቱ እንድትስማማ መክሯት ነበር። ስሟ በመጀመሪያ ሲጠራ ዝም አለች፤ ሁለተኛ ሲጠራ ግን እንደማትስማማ ተናገረች። ከእርሷ ጋራ 49 ወንዶች ተቃውመው ሳለ፥ ነቀፌታው ከሁሉ ይልቅ በእርሷ ላይ በዛ። በ1918 መጀመሪያ ስለ ሴቶች ምርጫ በምክር ቤቱ የተደረገውን ክርክር የከፈተች እርሷ ናት፤ መብቱም በ1920 በአገሩ ሕገ መንግሥት ተጻፈ። እርሷ ግን በ1918 ለላይኛው ምክር ቤት ተወዳድራ ሳትመረጥ ቀረች።

ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1940፥ የ60 ዓመት ሴት ሆና እንደ ገና ተመረጠች። በዲሴምበር 7 ቀን 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች የአሜሪካን የጦር መርከቦች በፐርል ሃርበር መቱ። በማግሥቱም ምክር ቤቱ ስለ ጦርነት ድምፅ ሰጠ። ጓደኞቿ ቢያንስ ዝም እንድትል ለመኗት፤ አልሰማቻቸውም። 388 እንደራሴዎች ሲስማሙ እንቢ ያለች ጃኔት ብቻ ነበረች። አገራቸው ተወግቶ ነበርና የሕዝቡ ቍጣ የሚያስደንቅ አይደለም። በምክር ቤቱ አዳራሽ የተሰበሰበው ሰው ስለ ከበባት ወደ ስልክ መነጋገሪያ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ ፖሊሶችም መጥተው ወደ ቢሮዋ አደረሷት። ዘመኗ ሲፈጸም ለመመረጥ ዳግመኛ አልተወዳደረችም።

ከዚያ በኋላ የጋንዲን ሥራ ለመማር ወደ ህንድ አገር ብዙ ጊዜ ተመላለሰች። በ1968፥ በ87 ዓመቷ፥ የቬትናም ጦርነት እንዲቆም የሚለምኑ 5,000 ያህል ሴቶች በፊታቸው እየመራች በዋሺንግተን ሄዱ። በ1973 በ92 ዓመቷ ሞተች። በ1985ም ምስሏ፥ ብቻዋን እንቢ ባለችበት በዚያው የምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ቆመ።