የአካል ጽናት፦ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያመራው አውራ ጎዳና ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ በስተምሥራቅ በኩል ደግሞ የስሜን ተራሮች እየተደራረቡ እስከ ራስ ዳሸን ድረስ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። በዚህ አገር የተወለደ ልጅ ዳገትን የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ውሃ ሲቀዳ፣ ከብት ሲያግድ፣ ገበያ ሲሄድና ትምህርት ቤት ሲመላለስ ዳገት ይወጣል፤ ቁልቁለት ይወርዳል። ይህን የዕለት ተግባሩን ማንም ስፖርት ብሎ አይጠራለትም፤ ሆኖም ሳንባውና እግሩ በየቀኑ ይሠለጥናሉ።

በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ይህ ጉልበት ወደ ጨዋታ ሜዳ የሚወጣበት ጊዜ አለ። የልደት በዓል በሚከበርበት ሰሞን ጎረምሶች በሁለት ወገን ተከፍለው ገና ይጫወታሉ። በእጃቸው የሚይዙት ጫፉ የቆለመመ ዱላ ነው፤ የሚመቱት ደግሞ ሩር የተባለውን፣ ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራውን ድቡልቡል ነገር ነው። የእያንዳንዱ ወገን ዓላማ ሩሯን በሌላው ወገን ግብ ማሳለፍ ነው። ይህ ጨዋታ በሌላው ዓለም ሆኪ ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን የሆኪ ሜዳ ስፋቱ የተለካ፣ የተጫዋቾቹም ቁጥር የተወሰነ ነው። በባህላዊው የገና ጨዋታ የተሰላፊው ቁጥር በመንደሩ ጎረምሳ ብዛት ይወሰናል፤ በሁለቱ ግቦች መካከል ያለው ርቀትም አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ይሆናል። በዚያ ዕለት ጌታና ሎሌ በእኩልነት ስለሚጫወቱ፣ በዱላ የተነካ ሰው ቂም እንዳይዝ ባህሉ ያዛል። ዛሬ ገና ሕግ ወጥቶለት በአገር አቀፍ የባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ ይገኛል።

በእንዲህ ያለው ጨዋታ ግብ የሚከላከለው ወገን ምን ዓይነት ጉልበት ያስፈልገዋል? ብዙ ሰው ጠንካራ ተከላካይ ማለት ባላጋራውን ገፍትሮ የሚጥል፣ በዱላው የሚያስፈራራ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ተጫዋች ግን ጠንካራ የሚሆነው ለአንድ ምት ያህል ብቻ ነው። አንዱን ለመጣል ሲወረወር ቦታውን ይለቃል፤ ሩሯም እርሱ በተወው ክፍት ቦታ ታልፋለች። እውነተኛው ተከላካይ ቅልጥሙ ሲመታ ዱላውን የማይጥል፣ ሲታለፍ ተስፋ ቆርጦ የማይቆም፣ ዞሮ በመሮጥ እንደገና በባላጋራውና በግቡ መካከል የሚገባ ነው። ይህን በጨዋታው መጀመሪያ ማንም ያደርገዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እግር ሲዝልና ትንፋሽ ሲያጥር የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የአካል ጽናት የሚባለው ሌላውን የመጉዳት ኀይል ሳይሆን፣ ራስ ተጎድቶም ቢሆን ቦታን ያለመልቀቅ ችሎታ ነው።

ይህን ችሎታ ከገና ሜዳ አልፎ ለዓለም ሕዝብ ያሳየ ኢትዮጵያዊ አለ። እርሱም በልጅነቱ ገና ይጫወት የነበረው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመንዲዳ አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በየነ ይባሉ ነበር። በዚያው ዕለት በአሜሪካ አገር፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ የኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ይካሄድ ነበር። ኢትዮጵያ ግን በዚያን ጊዜ ገና በኦሊምፒክ መካፈል አልጀመረችም። አበበ ሕፃን ሳለ የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ስለ ወረረ፣ ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ወደ ጎሮ ተሰደደ። ወደ ትውልድ አካባቢው የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነበር።

የገና ጨዋታ አበበን ሯጭ አደረገው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ይህን ጨዋታ ብዙ ሺህ የደጋ ልጆች ተጫውተውታልና። ይሁን እንጂ ሩሯን ተከትሎ ረጅም ርቀት መሮጥ፣ ከድካም በኋላ እንደገና መነሣት፣ የደረሰን ምት ችሎ ማለፍ፣ እነዚህ ሁሉ ከማራቶን ሯጭ ከሚፈለገው ጠባይ ጋር የተቀራረቡ ናቸው። ከዚህም ሌላ በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። አካልም ይህን ጉድለት ለማካካስ ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። የደጋ ልጅ ከሚያገኛቸው ጥቅሞች አንዱ ይህ ነው። ነገር ግን ተፈጥሮ የሰጠችው ጥቅም ያለ ሥልጠና ፍሬ አይሰጥም።

አበበ በ1944 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በወታደርነቱ ዘመን ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። የክብር ዘበኛን ጦር ያሠለጥን የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነንም ይህን ትጋቱን ተመልክቶ ለረጅም ርቀት ሩጫ ያዘጋጀው ጀመር። በመጀመሪያ አበበ የሁሉ የበላይ አልነበረም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በተደረገ የጦር ኀይሎች ውድድር ያሸነፈው ዝነኛው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ሲሆን፣ አበበ ሁለተኛ ሆኖ ነበር። በዚህ ምክንያት ግን ልምምዱን አላቋረጠም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ በሮም ኦሊምፒክ ለማራቶን ተሰለፈ። የቀረቡለት ጫማዎች ለእግሩ አልተመቹም። ቀደም ሲል በባዶ እግሩ ይለማመድ ስለ ነበር፣ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ሊከታተለው የሚገባው ዋና ተፎካካሪ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም መሆኑና የደረቱ ቁጥር 26 እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን የለበሰው ቁጥር 185 ነበር። ስለዚህ አበበ ተፎካካሪው ከጎኑ እየሮጠ ሳለ፣ ባለ 26 ቁጥሩን ሯጭ ከፊት ይፈልግ ነበር። ይህ ስሕተት አላደናገረውም። ጎኑን ሳይለቅ፣ ጉልበቱንም ያለ ጊዜው ሳያባክን፣ ከራዲ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሮጠ። መሽቶ ስለ ነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ፋሽስቶች ከአክሱም ወስደው በሮም አደባባይ ያቆሙትን ሐውልት አልፎ ተፈተለከ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ፣ የዓለምን ክብረ ወሰን በመስበር አሸነፈ። ከጥቁር አፍሪካ የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። ያለፈው ሐውልትም በ1997 ዓ.ም. ወደ አክሱም ተመልሷል።

ከሮም ድል በኋላ አበበ ሁልጊዜ አላሸነፈም። በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በተደረገው ማራቶን አምስተኛ ወጣ። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ደግሞ ከዚህ የከፋ ፈተና ገጠመው። ትርፍ አንጀቱን ታመመና መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የቀዶ ጥገና ሕክምና ተደረገለት። ወደ ውድድሩ የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ነበር። ይወዳደራል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነበር። እርሱ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ተሰለፈ። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ነበር። ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲፈጽም፣ ሁለተኛ የወጣውን ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞት ነበር። ተመልካቹ ደክሞ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ፣ አበበ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን የሚያፍታታ እንቅስቃሴ ይሠራ ጀመር። በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። ይሁን እንጂ እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበር፣ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ ውድድሩን አቋረጠ። በዚያ ቀን ያሸነፈው የክብር ዘበኛ ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነበር። የኢትዮጵያ ድልም ለሦስተኛ ጊዜ ተደገመ። በገና ሜዳ አንድ ተከላካይ ሲጎዳ ሌላው ወገኑ በቦታው ይተካል፤ ግቡም ሳይደፈር ይቆያል። የሜክሲኮው ውድድር ውጤትም ይህን ይመስል ነበር።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው ከሩጫ ሜዳ ውጭ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ የሚያሽከረክረው መኪና ተገለበጠ። እርሱም ከመኪናው ውስጥ ተይዞ አድሮ፣ የወጣው በማግሥቱ ጧት ነበር። አከርካሪው ስለ ተጎዳ መንቀሳቀስ ተሳነው። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደ ተባለው ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያም ለብዙ ወራት ከታከመ በኋላ እጆቹ እንደገና ታዘዙለት። እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም።

በእግሩ ስሙን ያስጠራ ሰው እግሩን ሲያጣ ምን ይቀረዋል? አበበ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በሥራው ነው። በ1962 ዓ.ም. በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ሄዶ፣ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። በረዶ በማይዘወተርበት አገር የተወለደ ሰው፣ በማያውቀው መሣሪያ ይህን ማድረጉ ከሮምና ከቶኪዮ ድል የሚያንስ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገኝ፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመው ሥርዓተ ቀብሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ የተገኘበት ሲሆን፣ ዕለቱም ብሔራዊ የኀዘን ቀን ሆኖ ታውጆ ነበር። በአዲስ አበባ የሚገኝ ስታዲየምም በስሙ ተሰይሟል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የአካል ጽናት በጡንቻ ውፍረት ወይም በምት ብርታት ብቻ የማይለካ መሆኑን ነው። አበበ በሮም ጉልበቱን ቆጥቦ ጊዜውን ጠበቀ፤ በቶኪዮ ከሕመም አልጋ ተነሥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከአደጋው በኋላም በቀረው አካል ተከላከለ። በደባርቅና በዳባት ሜዳ ዱላ ይዞ የሚሰለፍ ወጣትም እንዲሁ ነው። ባላጋራው ሲያልፈው የሚቆጣበት ወይም በዱላ የሚበቀልበት ጊዜ የለውም። ዞሮ መሮጥና ወደ ግቡ መድረስ አለበት። ዳገቱ ሳንባውን አሠልጥኖለታል፤ ልቡን ማሠልጠን ግን የራሱ ፈንታ ነው።

ጥያቄዎች

1. በምንባቡ መሠረት ባላጋራውን የሚገፈትር ተከላካይ ለወገኑ የሚጠቅመው ለምን ያህል ጊዜ ነው? ምክንያቱን አስረዱ።
2. አበበ በሮም ቁጥር 26ን ሲፈልግ ያሳየው ጠባይ ከጥሩ ተከላካይ ጠባይ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
3. አበበ በሜክሲኮ ውድድሩን ማቋረጡ ከጽናት ጋር ይቃረናልን? ሐሳባችሁን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።
4. በአካባቢያችሁ ተጎድቶ ሥራውን ያልተወ አንድ ሰው አስታውሱና፣ ስሙን ሳትጠቅሱ ታሪኩን በሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ።