ኸርማን ኩመልና ያልገጠመው የአከርካሪ ስብራት

ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኸርማን ኩመል እ.ኤ.አ. በ1852 በኮርባኽ ከተማ ተወለዱ። አብዛኛውን የሙያ ዘመናቸውን ያሳለፉት በሃምቡርግ ሲሆን፣ ከ1895 ጀምሮ በኤፐንዶርፍ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምናውን ክፍል መርተዋል፤ በ1919 የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋምም ፕሮፌሰር ሆነዋል። በዘመናቸው ያስጠራቸው ይልቁንም የትርፍ አንጀትና የኩላሊት ቀዶ ሕክምና ነበር።

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኩመል ግራ የሚያጋባ የሕመም ሂደት አስተዋሉ። ታካሚው ይወድቃል ወይም ጀርባውን ይመታል፤ ጥቂት ቀን ያመውና ይሻለዋል፤ ወደ ሥራውም ይመለሳል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ግን ሕመሙ ያገረሻል፤ ጀርባው ይጎብጣል። ኩመል ይህን ያብራሩት፣ አደጋው ለአንጓው የሚደርሰውን ምግብ ስለሚያውክ አጥንቱ ቀስ በቀስ ይሳሳል በማለት ነው። ጉዳዩ የሕክምና ብቻ አልነበረም። ጀርመን በ1884 የሥራ አደጋ መድን ሕግ አውጥታ ስለነበር፣ ዘግይቶ የመጣው ጉብጠት ከአደጋው ጋር መያያዙ የሠራተኛውን ካሳ የሚነካ ጥያቄ ነበር።

ዋናው ጽሑፋቸው በ1895 ታተመ። ሮንትገን ራጅን ያገኙት በዚያው ዓመት መገባደጃ ነውና፣ የኩመል ማስረጃ የታካሚው ታሪክና የሐኪሙ እጅ ብቻ ነበር። ተቺዎች አንጓው ከመጀመሪያው ቀን ተሰብሮ ሳይታይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል ብለዋል፤ ትችቱም ተገቢ ነበር። ኩመል በ1937 ሲያርፉ ክርክሩ አልተቋጨም።

በ1978 የታተመ የራጅ ጥናት በተደረመሰ አንጓ ውስጥ የሚታይን የጋዝ ክፍተት የደም እጦት ምልክት አድርጎ አቀረበ። ዛሬ ብዙዎች የኩመል በሽታ የሚሉት፣ እርሳቸው ፈጽሞ ያላዩትን ይህን ክፍተት ነው። የተሰበሩት ገጾች ሳይገጥሙ ሲቀሩ፣ ታካሚው በጀርባው ሲተኛ ክፍተቱ ይሰፋል፤ በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚቀንስም በአብዛኛው ናይትሮጅን የሆነ ጋዝ ይጠራቀምበታል። ታካሚው ሲቆም ክፍተቱ ይጠባል፤ ስለዚህ በቁም ብቻ የተነሣ ራጅ ሊያታልል ይችላል። ሲቲ ስካን ጋዙን አጥርቶ ያሳያል። በኤምአርአይ ግን ታካሚው ተኝቶ በቆየ ቁጥር ፈሳሽ ጋዙን ሊተካ ስለሚችል፣ ጥቁር የነበረው ክፍተት ቲ2 በተባለው ምስል ደምቆ ይታያል። ኤምአርአይ በራጅ ያልታየን አዲስ ስብራትም በአጥንቱ ውስጥ ባለው እብጠት ይገልጣል፤ የኩመል ተቺዎች የጠየቁት የመጀመሪያው ቀን ማስረጃም ይኸው ነበር።